አባዬ፣ ሞተሩን ከመሸጥህ በፊት

አባዬ፣ እንደምን ከረምክ? እማዬስ ደህና ናት? እኔ በጣም ደህና ነኝ።

ባለፈው ስለ ሞተር ሳይክልህ በስልክ «እጄ ደክሟል፣ ፍሪሲዮኑን መያዝ አቅቶኛል፣ ገዢ ከተገኘ ልሸጠው ነው» አልከኝ። ያኔ ዝም ያልኩት ተስማምቼ አይደለም። በስልክ ክርክር አንተን የሚችልህ ስለሌለ ነው። በጽሑፍ ግን ልታቋርጠኝ አትችልም።

እጅህ እንደ ድሮው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን እግረ መንገድህን የነገርከኝን ሁለት ነገር አስታውስ። መጀመሪያ ጓደኛህ ከመኪናው የተረፈ ዘይት ሰጥቶህ የፍሪሲዮኑን ዘይት ቀየርክ። ከዚያ ፍሪሲዮኑ ዳገት ላይ ማንሸራተት ጀመረና ዲስኮቹን የሚጫኑትን ሞላዎች (ስፕሪንጎች) ጠበቅ አደረግካቸው። ማንሸራተቱ ቀነሰ። ፍሪሲዮኑ የከበደህ ከዚያ ወዲህ ነው። ማርሹ መጮህ የጀመረውም፣ መብራት ላይ ስትቆም ፎሌ (ማርሽ ያልገባበት ቦታ) አልገኝ ያለህም ከዚያ ወዲህ ነው። አንተ እነዚህን ሦስት የተለያዩ ችግሮች አድርገህ ቆጥረህ «ሞተሩም እኔም አረጀን» አልክ። እኔ የማየው አንድ ችግር ነው። የጀመረውም ከዘይቱ ነው።

እንዴት መሰለህ? ያንተ ትሪምፍ ቦኔቪል የእ.ኤ.አ. 1967 ስሪት ነው። ዘይቱ ሦስት ቦታ ነው፤ የሞተሩ ለብቻ፣ የካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ለብቻ፣ ፍሪሲዮኑና እሱን ከሞተሩ የሚያገናኘው የውስጠኛው ሰንሰለት ያሉበት ደግሞ ለብቻ። እንደ ሆንዳ ሲቢ750 ባሉት ሞተር ሳይክሎች ላይ ሦስቱም አንድ ዘይት ይጋራሉ። የሞተሩን ጉልበት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፉትና የሚያቋርጡት የፍሪሲዮንህ ዲስኮች ዘይት ውስጥ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ዘይቱ ዲስኮቹን ማቀዝቀዝ አለበት እንጂ ማሟለጭ የለበትም። የዛሬ የመኪና ዘይቶች፣ በተለይ ነዳጅ ይቆጥባሉ የሚባሉት፣ ሰበቃን የሚቀንስ ቅመም አላቸው። ለመኪና ሞተር ጥሩ ነው። ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን ግን ጠላት ነው። ዕቃው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል ምልክት ያለበትን ፈልግ። ይህ በተለይ ለእንደዚህ ዓይነት ፍሪሲዮን የወጣ ደረጃ ነው። አንዳንድ ሰዎች የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ያደርጋሉ፤ እሱም ይሠራል። የፋብሪካው መመሪያ የሚለው ኤስኤኢ 20 (የዘይቱ ውፍረት ቁጥር) ነው፣ መጠኑም ወደ 350 ሲሲ። ይህችን ታህል ዘይት ለመቀየር ሞተር አይሸጥም።

ሞላ ማጥበቅ የማንሸራተት መድኃኒት የሚመስለው ለጊዜው ስለሚሠራ ነው። ሞላው ዲስኮቹን ይበልጥ ሲጫን መንሸራተቱ ይቀንሳል። ግን ያንን ጭነት በእያንዳንዱ ማርሽ ቅየራ የሚያነሳው የግራ እጅህ ነው። በዚያ ላይ ሦስቱ ሞላዎች እኩል ካልጠበቁ ዲስኮቹን የሚጫነው ውጪኛው ሳህን ቀጥ ብሎ አይነሳም። በአንድ በኩል ይነሳል፣ በሌላው በኩል ተጣብቆ ይቀራል። እጀታውን እስከ መጨረሻው ብትስበውም ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም፤ ሞተሩ ካምቢዮውን እየጎተተ ይቆያል። ማርሹ የሚጮኸውና ፎሌ የሚጠፋብህ ለዚህ ነው። ካምቢዮህ ንጹሕ ነው። እባክህ እሱን እንዳትከፍት።

ከውጭ ወደ ውስጥ እንሂድ። መጀመሪያ ካቦው። ከሞተሩ በኩል ፍታውና ከሽፋኑ ውስጥ በእጅህ ወዲህ ወዲያ ሳበው። ያለ ምንም ትግል መንሸራተት አለበት። ከያዘህ ከክብደቱ የተወሰነው ከእሱ ነው ማለት ነው። ቀጭን ዘይት ከላይ አንጠባጥብለትና አሳድረው። ውስጡ ናይለን የለበሰ ዓይነት ከሆነ ዘይት አያስፈልገውም፤ ከከበደ ቀይረው። ክሩ አንድም ቦታ ከተፈታ አትዘን፣ ጣለው። ታንከሩ ስር በሹል የታጠፈበት ቦታ ካለም መስመሩን አስተካክል። እጀታው የሚዞርበትን ቡሎን ደግሞ አውጥተህ አጽዳና ግሪስ ቀባው። ቡሎኑን ማንም አያስታውሰውም፤ ደርቆ ይከርማል።

ካቦው ተፈትቶ እያለ ወደ መሃል ሂድ። የፍሪሲዮኑ መሃል ላይ ያለችውን ማስተካከያ ታውቃታለህ፤ ክዳኑ ላይ ባለው ቀዳዳ የምትደርስባት። ዳዶዋን ፍታ፣ ካቻቪቴውን አስገባና ውጪኛው ሳህን መነሳት እስኪጀምር አጥብቅ። ከዚያ አንድ ሙሉ ዙር መልሳት። ዳዶዋን ስታጠብቅ ካቻቪቴውን አትልቀቅ፣ አብራ ትዞራለች። ካቦውን መልሰህ ስታስር እጀታው ጋ 3 ሚሊሜትር ያህል ልቅ ቦታ ተው።

ይህችን ልቅ ቦታ አትናቃት አባዬ። አንተ ሁልጊዜ ካቦው «ጥብቅ ሲል ደስ ይለኛል» ትላለህ። ጥብቅ ካለ ግን ፍሪሲዮኑ ሁልጊዜ በትንሹ እንደተያዘ ነው የሚሠራው። ይህ ራሱ ያንሸራትታል። በካምቢዮው ዘንግ ውስጥ አልፎ ሳህኑን የሚገፋው ረጅሙ ገፊ ዘንግም ዕረፍት የለውም። ጫፉ ሲፋተግ ይግላል፣ ሲግል ጥንካሬው ይጠፋል፣ ከዚያ እየተጨፈለቀ ያጥራል። ዘንጉን አውጥተህ ጫፎቹን ተመልከት። ሰማያዊ ቀለም ከያዘ ወይም እንደ እንጉዳይ ከተዘረጋ አትሞርደው። ጥንካሬው ጫፉ ላይ ብቻ ስለሆነ ከሞረድከው በኋላ ቶሎ ያልቃል። አዲስ ይገባለታል።

አሁን ወደ ሞላዎቹ። የሰንሰለቱን ክዳን መክፈት አለብህ፤ ዘይቱ መጀመሪያ ይፍሰስ። የሞላዎቹ ዳዶዎች በቀላሉ እንዳይፈቱ ከስራቸው ትንሽ ጉብታ አላቸው፣ የሞላውን ጫፍ ይይዛል። ስትፈታቸው ቀጭን የቢላ ስለት ከዳዶው ስር ሸጎጥ አድርገህ የሞላውን ጫፍ ራቅ አድርገው። በግድ ከፈታህ ሁለቱንም ታበላሻለህ። ሦስቱን ሞላዎች ጎን ለጎን አቁመህ ርዝመታቸውን በካሊፐር ለካ። አንዱ ካጠረ ሦስቱም ይቀየራሉ፣ አንዱን ብቻ መቀየር ትርፉ ልፋት ነው።

ዲስኮቹን ስታወጣ ግን አንድ ነገር እለምንሃለሁ። የድሮ ሸራዎች (ዲስኩ ላይ የተለጠፈው የሚሰበቀው ነገር) አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ይችላል። ያንተ ዲስኮች መቼ እንደተቀየሩ ማናችንም አናውቅም። ስለዚህ በኮምፕሬሰር አትንፋቸው። ደረቅ ሸራ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍግ። ያንን ማስነጠስህን ስለማውቅ ነው። ሸራ ያለባቸውን በማጠቢያ ፈሳሽ ውስጥ ከትተህ እጠባቸው፤ የጠጡትን የመኪና ዘይት ይልቀቁ። ከታጠቡም በኋላ ካንሸራተቱ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል። አዲሶቹን ከማስገባትህ በፊት በትክክለኛው ዘይት ነክረህ አሳድራቸው፤ በደረቁ ከገቡ ገና ከመነሻው ሊቃጠሉ ይችላሉ።

ሸራ የሌላቸውን የብረት ዲስኮች መስታወት ላይ አስተኛቸውና በክፍተት መለኪያ ቅጠል ዙሪያቸውን ፈትሽ። የተጣመመ ካለ መቼም ቢሆን በደንብ አይለቅም። ሙቀት ያጠመመውን መቀጥቀጥ የሚባል ነገር የለም፣ ይቀየራል። ዲስኮቹ የሚቀመጡበትን ቤትም እየው። የዲስኮቹ ጥርሶች ግድግዳው ላይ ደረጃ ደረጃ ሠርተው ከሆነ ዲስኩ እዚያ ላይ ይንጠለጠላል፤ እጀታውን ስትስብ መንሸራተት ሲገባው ይሰነቀራል። ጥልቀት ከሌለው በሞረድ በጥቂቱ አስተካክለው፣ ሁሉንም እኩል። ጥልቅ ከሆነ ቤቱ ራሱ ጊዜው አልፏል።

ስትገጥም የሞላዎቹን ዳዶዎች፣ ዳዶው የሚጠብቅበት የፒኑ ጫፍ ከዳዶው ፊት ጋር እኩል እስኪሆን ብቻ አጥብቅ። መነሻህ ይህ ነው፤ ያኔ ያጠበቅከው ሁሉ ይረሳ። ከዚያ ፎሌ ላይ አድርገው፣ እጀታውን በገመድ እሰረው፣ ሞተሩን የምታስነሳበትን ፔዳል ቀስ ብለህ በእጅህ ግፋ። ውጪኛው ሳህን ሲዞር አፍጥጠህ እየው። ከተወላገደ ያልተነሳው ጎን ሞላው የጠበቀበት ነው፤ እዚያ ትንሽ ላላ አድርግ። ደግመህ አዙር። ቀጥ ብሎ እስኪዞር ድረስ ከዳዶ ወደ ዳዶ እየሄድክ ነው። ከሥራው ሁሉ ትዕግሥት የሚፈልገው ይህ ነው፣ ትዕግሥት ደግሞ አንተ ጋ ሞልቷል። ለእኔ ቢሆን አንድ ቀን ሙሉ ይፈጅብኛል።

ክዳኑ ክፍት እያለ የውስጠኛውን ሰንሰለትም በጣትህ ሞክረው። መሃል ላይ ወደ ላይና ወደ ታች 10 ሚሊሜትር ያህል ቢጫወት ይበቃል። ሰንሰለት እኩል ስለማያልቅ እያዞርክ ብዙ ቦታ ላይ ለካው፣ የምታስተካክለው በጠበቀበት ቦታ ነው። ጓርኒሲዮኑን አዲስ አድርግ። የክዳኑ ቡሎኖች አልሙኒየም ውስጥ ነው የሚገቡት፤ ረጅም መፍቻ ይዘህ ጉልበትህን እንዳታሳያቸው።

ካምቢዮውን አትክፈት አልኩ እንጂ ዘይቱን መቀየር አትርሳ። ትንሽ ነድተኸው ሞቅ ሲል አፍስሰው። ማፍሰሻው መሃል ላይ የልክ ማሳያ ቡሎን አለ፤ እሷን ፈትተህ ከላይ ስትሞላ ማንጠባጠብ ሲጀምር አቁም። ወደ 500 ሲሲ ይይዛል፣ ኤስኤኢ 90 ነው። ጂኤል-4 የሚል የማርሽ ዘይት ደረጃ ያለውን ግዛ። ጂኤል-5 ከሚባሉት አንዳንዶቹ ውስጥ ያለው የሰልፈር ቅመም ነሐስ ይበላል፣ ካምቢዮህ ውስጥ ደግሞ የነሐስ ቡሽ አለ። የፈሰሰውን ዘይት በማግኔት ቅዘፈው። እንደ ቅባት ያለ ግራጫ ነገር ቢይዝ አትደንግጥ፣ የተለመደ መበላት ነው። ቁርጥራጭ ብረት ከያዘ ግን ሞተሩን አታስነሳ፣ ደውልልኝ። ማርሽ ጭነት ላይ እየዘለለ የሚወጣ ከሆነም ከመክፈታችን በፊት ካምቢዮው ስር ያለችውን ማርሽ መያዣ ሞላ እናያለን። የደከመው እሷ ብቻ ልትሆን ትችላለች።

ብዙ ጊዜ የቆመ እንደሆነ ዲስኮቹ ይጣበቃሉ። ሳታስነሳው እጀታውን ይዘህ ፔዳሉን ጥቂት ጊዜ ረግጠህ ማላቀቅ ያንተው ልማድ ነው፣ ላስተምርህ አልደፍርም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ቢከብድህስ? ያኔ እጅህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ግን ያኔም መፍትሔ አለው። ለዚህ ሞተር ተጨማሪ ዲስክ ያለው ፍሪሲዮን ይሠራለታል። ዲስክ ሲጨመር የሚሰበቀው ገጽ ስለሚበዛ ላላ ባለ ሞላ ያንኑ ጉልበት ይሸከማል። ለእጅህ ቀረብ የሚል እጀታም ይገኛል። ንጹሕ የድሮ ዕቃ ካልሆነ የሚሉ ሰዎች ፊታቸውን ያጨማድዱ ይሆናል። ያጨማድዱ። እነሱ አይደሉም የሚነዱት።

አንድ ነገር ደግሞ፣ እባክህ በርጩማ ላይ ተቀምጠህ ሥራ። ሞተሩንም ብቻህን ማቆሚያው ላይ አትስቀል፣ የጎረቤቱን ልጅ ጥራው።

ዲስኮቹንና ጓርኒሲዮኑን እኔ እልካለሁ። የሦስቱን ሞላዎች ርዝመት በሚሊሜትር ጻፍልኝ። የገፊውን ዘንግ ሁለቱንም ጫፍ ደግሞ በብርሃን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ እሱን ሳላይ ዕቃ አላዝዝም።

ልጅህ