የዛፍ ሽበት ኮኩን አላደረቀውም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ክረምቱ እንደ ወጣ እዚህ ደሴ አንድ ጎረቤቴ የግቢያቸውን የኮክ ዛፍ «ሽበት በላው» ብለው በገጀራ ሲመለምሉ፣ የተረፈውንም ግንድ በቢላ ሲፍቁ አይቼ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። የባዮሎጂ መምህር ነኝ።

ከተቆረጡት ጭራሮዎች አንዱን አንሥቼ በማጉያ መነጽር ተመለከትኩት። ልጡ ላይ አመድማ ቅጠል መሳይ ነገር ተለጥፎበታል፤ ከጫፉም ጢም የመሰለ ክር ተንጠልጥሏል። የዛፍ ሽበት የምንለው ይህ ነገር በሳይንሱ ሊከን ይባላል። ስዊዘርላንዳዊው ተመራማሪ ሲሞን ሽቬንደነር እ.ኤ.አ. በ1867 እንዳስረዳው ፈንገስና ዋቅላሚ (ተክል መሳይ ጥቃቅን አረንጓዴ ፍጥረት) አብረው የሚኖሩበት ነው፤ ፈንገሱ መጠለያና እርጥበት ይሰጣል፣ ዋቅላሚው በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጃል። ተቀጽላ የሚባለው ጥገኛ ተክል ሥሩን ቅርንጫፍ ውስጥ ሰድዶ ዛፉን ይመጠምጣል፤ ሽበት ግን ሥር የለውም፣ የሚኖረውም ከዝናብ፣ ከጭጋግና ከአየር በሚያገኘው ነው። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጭጋግ ይስማማዋል።

ዘወትር የሚደንቀኝ አረባቡ ነው። ፈንገሱ በጥቃቅን ጽዋ መሳይ አካላቱ ውስጥ ዘር ያፈራል፤ ነገር ግን ያ ዘር ዋቅላሚውን ይዞ ስለማይሄድ፣ ባረፈበት ቦታ የሚስማማውን ጓደኛ ካላገኘ ሊከን ሆኖ አይበቅልም። ስለዚህ ብዙዎቹ ሁለቱም አብረው የሚጓዙበት ሌላ መንገድ አላቸው። የጭራሮውን አመድማ ጠርዝ በጣቴ ብነካው ዱቄት መሰል ነገር ያዘኝ፤ እያንዳንዷ ቅንጣት በፈንገስ ክር የተጠቀለሉ ጥቂት የዋቅላሚ ሕዋሳት ናት፤ ነፋስ፣ የዝናብ ጠብታ ወይም የነፍሳት እግር ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ያደርሳታል። ጢም መሳዩም ተበጥሶ ሌላ ዛፍ ላይ ከተያያዘ እዚያው ማደጉን ይቀጥላል።

ታዲያ በሚደርቅ ቅርንጫፍ ላይ ለምን ይበዛል? ዛፉ ሲዳከም ቅጠሉ ስለሚሳሳ፣ ሽበቱ ቀድሞ ያላገኘውን ብርሃን ያገኛል፤ ድካሙ ግን ከሌላ ምክንያት የመጣ ነው። ልጡን በቢላ መፋቅ ዛፉን ያቆስለዋል እንጂ አያድነውም።

ከጎረቤቴ ጋር የኮኩን ሥር ዙሪያ ብንቆፍር ውኃ አቁሮ አገኘነው፤ ኮክ ደግሞ ሥሩ ውኃ ውስጥ ሲቆም አይችልም። አሁን ቦይ ቀድደንለታል። የከተማችን የግብርና ባለሙያዎችም ነዋሪው ገጀራ ከማንሣቱ በፊት ሥሩን እንዲያይ ቢያስተምሩ፣ ጋዜጣችሁም ለዚህ ቦታ ቢሰጥ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የባዮሎጂ መምህር፣ ከደሴ