ነገ ለሚነሳው ምሰሶ ዛሬ እጃችሁን ዘርጉልን፦ ለጋራ ቤታችን ጥገና የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

አሮጌውን የጋራ ቤታችንን ሳናፈርስ ለማደስ ስንነሳ ብዙዎቻችሁ ለቀለሙና ለመስኮቱ ለማዋጣት ቃል ገብታችኋል። ከልብ እናመሰግናለን። አሁን የቸገረን ግን ሥራው ሲያልቅ ከቦታው የሚነሳው ነገር ነው፤ ግድግዳው ሲከፈት ሸክሙን ተቀብሎ የሚያቆየው ጊዜያዊ ድጋፍ።

ሁለቱን ክፍሎች አንድ አዳራሽ ለማድረግ 40 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው የድንጋይ ግድግዳ ላይ 3 ሜትር ስፋት ይከፈታል። ከላይ የሚቀረው 2 ሜትር ግንብ ለብቻው በአንድ ሜትር ርዝመት 1.8 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ ወለልና ጣሪያ ሲጨመርበት ወደ 3 ቶን ይጠጋል። ስለዚህ ግድግዳው በየ90 ሳንቲ ሜትሩ ይበሳና 4 የብረት ቢሞች ይሻገሩበታል። እያንዳንዱ ቢም ግራና ቀኝ ቁመቱ በሚስተካከል የብረት ምሰሶ ላይ ያርፋል፤ አንዱ ምሰሶ እስከ 1.4 ቶን ሊሸከም ነው። ምሰሶ በተዘረጋ ቁጥር አቅሙ ስለሚቀንስ፣ የጎበጠ ወይም ቁመቱን ቆልፎ የሚይዘው ፒን ጠፍቶ በፌሮ ቁራጭ የተተካ ከሆነ አንቀበልም፤ ቅር አይበላችሁ።

ብዙ ቤት የሚሰነጠቀው ምሰሶው ደካማ ሆኖ ሳይሆን የቆመበት ቦታ ስለሚሰምጥ ነው። በወለል ሳንቃ ላይ የቆመ ምሰሶ ጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ሲል ግንቡም አብሮት ይወርዳል። ሳንቃውን አንስተን ጠንካራው መሬት ላይ ወፍራም ጣውላ የምናነጥፈው ለዚህ ነው።

ከተከፈተው ቦታ በላይ ግንቡን ለዘለቄታው የሚሸከመው ቢም ሲገባ እያንዳንዱ ጫፉ 4.5 ቶን ያህል በአንድ ቦታ ይጭናል። የቆየ የኖራ ግንብ ይህን በቀጥታ ከተቀበለ ስለሚደቅቅ የአርማታ ትራስ ይደረግለታል። በቢሙና በግንቡ መካከል የሚቀረው ክፍተት እጅ ሲጨብጠው ብቻ በሚያያዝ፣ እርጥበቱ ጥቂት በሆነ የ1 ለ3 የሲሚንቶና አሸዋ ድብልቅ እየተቀጠቀጠ ይሞላል። ውሃ የበዛበት ድብልቅ ሲደርቅ ተኮማትሮ ክፍተት ይተዋል፤ ግንቡም ያንን ክፍተት ለመሙላት ይወርዳል። ምሰሶዎቹ ቢያንስ ከ7 ቀን በኋላ፣ ሁሉም በየተራ ጥቂት ጥቂት እየላሉ ይነሳሉ።

የላይኛውን ወለል የተሸከሙት እንጨቶች ይቆያሉ። የበሰበሰው ግድግዳው ውስጥ የገባው ጫፋቸው ብቻ ነው፤ በኋላ የተለሰነው ሲሚንቶ እርጥበቱን አፍኖ ይዞታል። ጤነኛው እንጨት እስኪገኝ ተቆርጦ አዲስ ጫፍ በግራና ቀኝ ላሜራ፣ በ12 ሚሊ ሜትር ብሎን ይቀጠላል። የውጩ ልስን ተነቅሎ 1 ለ3 በኖራና አሸዋ ይተካል። «እንዲጠነክር» ተብሎ ሲሚንቶ አይጨመርበትም።

የሚያስፈልገን 18 ምሰሶ ነው፦ 8 ለቢሞቹ፣ 8 ለወለሉ፣ 2 መጠባበቂያ። ከዚህ ሌላ 4 ቢም፣ 64 ብሎን፣ ወፍራም ጣውላና ኖራ እንፈልጋለን። ምሰሶና ቢም በውሰትም እንቀበላለን፤ የባለቤቱ ምልክት ይደረግበትና ሥራው ሲያበቃ ይመለሳል። ገንዘብ ለምትሰጡ፣ የመጀመሪያው ወጪ መሠረቱን ከፍቶ ለማየትና ለመሐንዲሱ ስሌት ይውላል። 18ቱ ምሰሶዎች ሳይሟሉ ከግድግዳው አንድ ድንጋይ አይነቀልም።