ፌጦ በመስኮት ላይ

ልጄ፣ እንዴት ከረምሽ?

ሰላምታችን ራሱ ክረምት አለበት። የእኛው ክረምት ግን ዝናብ ነው፣ መስከረም ሲጠባ ይሄዳል። የሚኒያፖሊሱ በእንግድነት ገብቶ ባለቤት የሚሆን ዓይነት ነው። እሑድ ስትደውዪ ድምፅሽ ደክሞ ነበር። በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ተኩል ሲል ፀሐይ ትጠልቃለች፣ ልጁም ከስልክ ላይ አልነሳ ብሏል አልሽኝ። አምና እናንተ ጋ ስከርም አይቼዋለሁና አልፈርድብሽም። ስልኩን ብቻ አትቀሚው፤ በምትኩ ሌላ ነገር ስጪው።

ከሐበሻ ሱቅ ፌጦ ግዢ። አዎ፣ ሆድ ሲቆርጠን እናትሽ በሎሚ የምታጠጣን ፌጦ። ሶፍት አጣጥፊና ዝርግ ሳህን ላይ አድርጊው፣ አርጥቢው፣ ልጁ ፌጦውን ይበትንበት። አፈር አያስፈልግም። ከዚያ ዝም ብላችሁ እዩት። ደቂቃዎች ሳይቆይ እያንዳንዷ ፍሬ ልክ እንደ ተልባ የሚያሟልጭ ነገር ትለብስና ሶፍቱ ላይ ትጣበቃለች። ውኃውን የምትይዘው በዚያ ነው። በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ነጭ ሥር ታያላችሁ። ሶፍቱ እንዳይደርቅ ጠዋትና ማታ ውኃ ጠብ ማድረግ የልጁ ሥራ ይሁን። በሳምንት ገደማ አረንጓዴ ምንጣፍ ይሆናል። በመቀስ ቁረጡና እንቁላል ላይ ነስንሱት፤ ሰናፍጭ ሰናፍጭ ይላል። ይገርምሻል፣ ዕድሜዬን ሙሉ ባዮሎጂ ሳስተምር የፌጦ ቅጠል ቀምሼ አላውቅም ነበር። ፍሬውን ለመድኃኒት አስቀምጠን ቅጠሉን ረሳነው።

ነጭ ሽንኩርትም ቀላል ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ ማቆጥቆጥ የጀመረውን አትጣዪው፣ ሹሉን ወደ ላይ አድርገሽ አፈር ውስጥ ትከዪው። ራስ አያወጣም፤ ቅጠሉ ግን ለፍርፍር ይበቃል።

ጤና አዳሙን እኔ ነኝ የገደልኩት። ይኸው አመንኩ። አንቺ ሥራ ስትሄጂ እያዘንኩለት በየቀኑ አጠጣው ነበር። በክረምት ብርሃኑ ሲያንስ ተክል እድገቱም ጥሙም ይቀንሳል፣ ጤና አዳም ደግሞ ድሮም ርጥብ እግር አይወድም። ሥሩ በሰበሰ። አዲስ ካገኘሽ መጀመሪያ ጣትሽን አፈሩ ውስጥ ስደጂ፤ ርጥበት ከተሰማሽ አታጠጪው። እኔ ስመጣም አታስነኪኝ።

ደግሞ ወፎቹን። በረንዳው ላይ ጨው የሌለው ጥቁር የሱፍ አበባ ፍሬ አስቀምጪላቸው። ቀዩ ካርዲናል በረዶ ነው ብሎ አገር አይለቅም፣ ማልዶና ሊመሽ ሲል ይመጣል። ሚስቱ ቡናማ ናት፣ ልጁ ይለያት። እኔ የምወዳት ግን ያቺን ጥቁር ቆብ ያጠለቀች ሚጢጢ፣ ቺካዲን ነው። ስሟን ራሷ ትጠራለች። አንድ ፍሬ ብቻ ትወስድና እብስ ትላለች፤ አንዱን ትበላለች፣ ሌላውን በዛፍ ቅርፊት ሥር ትደብቃለች። የት እንዳስቀመጠች ደግሞ አትረሳም። እኔ መነጽሬን ቀኑን ሙሉ እፈልጋለሁ።

የወተት ጆጎቹን አትጣዪ። የካቲት መጨረሻ ላይ አንዱን ወገቡ ላይ ቁረጪው፣ እጀታው በኩል ግን እንደ ማጠፊያ ትንሽ አስቀሪ። ታቹን ብሺው፣ አራት ጣት ያህል አፈር ጨምሪ፣ ጎመን ዝሪበት፣ በፕላስተር መልሰሽ እሸጊው። ክዳኑን አውልቂና በረዶው ላይ አውጪው። እብድ ይሉሽ ይሆናል፣ ይበሉ። በረዶው በአፉ እየገባ ሲቀልጥ ያጠጣዋል፣ ዘሩም ሙቀቱን ጠብቆ ሚያዝያ ላይ ራሱ ብቅ ይላል። ጠንክሮ የበቀለ ችግኝ ስለሆነ መሬት ላይ ሲተከል አይደነግጥም።

እዚህ ታኅሣሥ ነው። ማታ ብርዱ ጋቢ ያስደርባል፣ ቀን ግን ፀሐዩ ለጉድ ነው። እናትሽ ደጅ በርበሬ አስጥታ ዶሮ ስታባርር ትውላለች፣ ሰላም ብላሻለች።

ፌጦው ሲበቅል ፎቶ ላኩልኝ። ሳህኑን የያዘው እጅም ይታይ፤ አድጓል አሉ።

አባትሽ