የብስክሌት ጥገና ክበብ፦ በ5 ሚሊ ሜትር የተያዘ ዓመት

ሐዋሳ ሜዳማ ከተማ ናት። ብስክሌት የሌለው ተማሪ እንኳ የታላቅ ወንድሙን ወይም የኪራይ ነድቶ ያውቃል። ስለዚህ ክበቡ ሲከፈት ተመዝጋቢ አልጠፋም። የጠፋው ደህና ብስክሌት ነው። ወላጆች የለገሱን አሮጌዎች ናቸው፤ የአንዱ ቸርኬ ተጣሟል፣ የሌላው ፍሬም ተሰንጥቋል። ሥራችን ከሁለት ብልሽት አንድ ደህና ማውጣት ሆነ።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ጎማ ስንለጥፍ፣ ፍሬን ስናስተካክልና ካቴና ስናጥብ አለፈ። ስለሱ ብዙ የሚወራ የለም። ነገር የመጣው የኋላ ጎማ ከአንዱ ብስክሌት ወደ ሌላው ማዛወር ስንጀምር ነው።

ልጆቹ ጎማ የሚመርጡት በቁመቱ ብቻ ነበር። 26 ኢንች ከሆነ ለ26 ይሆናል፣ አለቀ። የኋላ ጎማ ግን ሌላም ልክ አለው፤ የሞዞው፣ ማለትም ዘንጉ የሚያልፍበት የጎማው እምብርት፣ ስፋት። ሞዞው ዘንጉን በያዙት በሁለቱ የፍሬም ጆሮዎች መካከል (ክበቡ ውስጥ ጆሮ ነው የምንላቸው) ልክክ ብሎ መግባት አለበት። ከኋላ 5 ፒኞን (ካቴናው የሚያርፍበት ጥርሳም ክብ) ያላቸው የድሮ የአስፋልት ብስክሌቶች 120 ሚሊ ሜትር ነበሩ። 6 እና 7 ፒኞን ሲመጣ 126 ሆነ፣ ከ8 ወዲህ ደግሞ 130። ማውንቴን የምንለው የተራራ ብስክሌት በብዛት 135 ነው። ፒኞን በተጨመረ ቁጥር በቀኝ በኩል ቦታ ስለሚፈልግ ነው ልኩ የሰፋው።

አለካኩም አከራክሮናል። አብዛኛው ልጅ የዘንጉን ጫፍ ከጫፍ ለካ። ዘንጉ ግን ዳዶ እንዲታሰርበት ከጆሮው አልፎ ይወጣል፤ እሱ አይቆጠርም። የሚለካው ዘንጉ ላይ ግራና ቀኝ ካሉት ማጥበቂያ ዳዶዎች፣ ከአንዱ የውጭ ፊት እስከ ሌላው የውጭ ፊት ነው። ፍሬሙ ደግሞ ከጆሮ የውስጥ ፊት እስከ ጆሮ የውስጥ ፊት። ካሊፐር፣ ማለትም ስፋት በሁለት መንጋጋ ይዞ የሚለካ መሣሪያ፣ ከቤተ ሙከራው ተዋስን። ማስመሪያም ይሠራል፣ የሚያነበው ሰው አንገቱን ካላጣመመ።

ከሁሉም የከበደን አንድ ማውንቴን ነው። ፍሬሙ 135፣ ያገኘነው ጎማ 130። አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ ዳዶውን ስናጠብቀው ፍሬሙ ራሱ ይጠጋ የለ እንዴ?» አለ። መጠጋቱስ ይጠጋል። ማግኔት አምጡ አልኩ። ፍሬሙ ላይ አልያዘም፤ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም እንዲህ ሲያጣብቁት ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ክፍተቱን በሮንዴላ (ዘንጉ ላይ በሚገባ ስስ ቀለበት) እንሙላው ተባባልን። ልጁም ፈጠን ብሎ 5 ሚሊ ሜትሩን በሙሉ በግራ በኩል ደረደረው። ጎማው ገባ፣ ታሰረ፣ ጭብጨባ ሆነ። ሲሽከረከር ግን ቸርኬው በቀኝ በኩል ያለውን የፍሬን ጎማ ያሻል።

ጥቁር ሰሌዳው ላይ ወጣን። ከቸርኬው መሐል እስከ ግራው ጆሮ 70፣ እስከ ቀኙ 65 ሚሊ ሜትር። የፍሬሙ መሐል 67.5 ላይ ነው። ስለዚህ ቸርኬው 2.5 ወደ ቀኝ ሸሽቷል ማለት ነው። ሮንዴላውን 2.5 በግራ፣ 2.5 በቀኝ ሲያደርጉት ፍሬኑ ተለቀቀ። ዳዶው የሚይዘው በቂ የዘንግ ጥርስ መትረፉን አየን፣ የማርሽ መቀየሪያውንም እንደገና አስተካከልን። የዚያን ቀን የሒሳብ ጥያቄ ብሰጥ ሁሉም ይደፍኑ ነበር።

ሁለተኛው ፍሬም በተቃራኒው ጠባብ ነበር፤ 126፣ ጎማው 130። ማግኔቱ ጥብቅ አድርጎ ያዘ። ብረት ከሆነ በየጎኑ 2 ሚሊ ሜትር ማስፋት ይቻላል። ይህን ለልጆቹ አልተውኩም፤ በር ላይ ያሉትን ጠጋኝ ለመንን፣ እሳቸውም በረጅም እንጨት እያንዳንዱን ጎን ለብቻው ገፉት። ብረቱ በለቀቁት ቁጥር ወደ ኋላ ይመለስባቸዋል። ፊዚክስ ክፍል የመለጠጥ ወሰን እያልን የምናወራው ይኸው ነው፤ ወሰኑን ካላለፈ ቅርጹን አይቀይርም። ከዚያ ሲባጎ ከአንዱ ጆሮ አስረን፣ መሪው የሚገባበትን ቱቦ አዙረን ወደ ሌላው ጆሮ ወጠርነው። ከኮርቻው ቱቦ ያለው ርቀት ግራና ቀኝ እኩል ሆነ። ፍሬሙ አልተጣመመም።

አንድ ወላጅ ወፍራም ዘንግ ያለው ባለ 142 ጎማ አምጥተውልን ነበር። እሱን በሮንዴላም በእንጨትም አንሞክረውም፤ የፍሬሙ ጆሮ ራሱ ሌላ ዓይነት ነው። ግድግዳ ላይ ሰቅለነዋል።

አሁን እያንዳንዱ ፍሬምና ጎማ ልኩ የተጻፈበት ካርቶን ተንጠልጥሎበታል። ለሚቀጥለው ዓመት የሚጎድለን ባለ 13 እና ባለ 15 ስስ ቁልፍ፣ እንዲሁም የቸርኬ ሽቦ ማጥበቂያ ነው። አሮጌ ብስክሌት የምትለግሱ ወላጆች ደግሞ አደራ፣ የኋላ ጎማውን ፈታችሁ አታስቀሩብን።