ኮምቦልቻ ላይ የመድኃኒት ጅምላ ለመክፈት ላሰበችው ልጄ

ለምወድሽ ልጄ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ። እናትሽም እኔም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ከባልደረባሽ ጋር ኮምቦልቻ ላይ የመድኃኒት ጅምላ ማከፋፈያ ለመክፈት ማሰብሽን የገለጽሽበትን ደብዳቤ ከነዕቅዱ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ገንዘቡን በሚመለከት እናትሽ የምትለው ስላላት ለብቻዋ ትጽፍልሻለች፤ እኔ የምጽፈው ስለ ሥራው ነው። አንቺ መድኃኒቱን በዩኒቨርሲቲ ተምረሽዋል፣ አሁንም አስመጪ ድርጅት ውስጥ ሆነሽ ንግዱን ከላይ ታይዋለሽ፤ እኔ ደግሞ ደሴ ላይ በቸርቻሪነት በቆየሁበት ዘመን ሁሉ ጅምላ ነጋዴ ሲነሣም ሲወድቅም ከሥር ሆኜ ተመልክቻለሁ።

በዕቅድሽ ላይ ትርፉን ያሰላሽው በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ባለው ልዩነት ብቻ ነው። በእኔ እምነት የጅምላ ነጋዴን ትርፍና ኪሳራ ከዋጋው ልዩነት ይበልጥ የሚወስነው ገንዘቡ ከእጁ ወጥቶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። በአንቺው ቁጥር ላሳይሽ። ከአስመጪ በ1,000,000 ብር የገዛሽውን መድኃኒት በ1,080,000 ብር ሸጥሽው እንበል። ዕቃው በአማካይ 60 ቀን መጋዘን ውስጥ ይቆያል፤ ቸርቻሪው ከወሰደው በኋላ በ45 ቀን ይከፍላል፤ አስመጪው ደግሞ ለአንቺ 30 ቀን ይታገሥሻል። ስለዚህ ለ75 ቀን ያህል ገንዘቡን የምትሸከሚው አንቺ ነሽ። ይህን ገንዘብ በ18 በመቶ ወለድ ከባንክ ብታመጪው የ75 ቀኑ ወለድ ወደ 37,000 ብር ይደርሳል፤ ይህም ሰማንያ ሺህ ካልሽው ትርፍ ግማሽ ያህሉ ነው። የመጋዘን ኪራይ፣ የባለሙያና የጥበቃ ደመወዝ፣ የመኪና ነዳጅ፣ ተሰብሮና ጊዜው አልፎ የሚወገደው ዕቃ ገና አልተነሣም። ከፋዩ ሁለት ወር ጨምሮ ቢዘገይብሽ ወለዱ ብቻውን ወደ 67,000 ብር ይጠጋል፤ ያን ጊዜ ሥራው ለባንኩ እንጂ ለአንቺ አይሆንም። የራሴ ገንዘብ ነው፣ ወለድ የለብኝም እንዳትዪ፤ የራስሽም ገንዘብ ቢሆን በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር።

ቸርቻሪው ዱቤ የሚጠይቅሽ በክፋት አይደለም። የወሎን የገቢ ወራትና የበሽታ ወራት ጎን ለጎን አድርገሽ ተመልከቺ። ባቲ፣ ከሚሴና ቆቦ ወባ የሚበረታው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው፤ የገበሬው እህል ግን ወደ ገበያ የሚወጣው ከታኅሣሥ ወዲህ ነው። መድኃኒት ቤቱ ብዙ የሚሸጠው ሕዝቡ ገንዘብ ባጣበት ወቅት በመሆኑ እሱም ከፊሉን በዱቤ ሰጥቶ ይውላል፤ ያ ዱቤ ወደ አንቺ ይመጣል፣ አንቺም ወደ አስመጪው ትገፊዋለሽ፤ አስመጪው ግን አይቀበልሽም። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ወደ ላይም ወደ ታችም እምቢ ማለት የሚከብደው ለመካከለኛው ሰው ነው። ብዙዎች መፍትሔ የሚያደርጉት ቀኑ ወደፊት የተጻፈ ቼክ መቀበል ነው። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 የሚያስቀጣ መሆኑ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን የመርሳን ወይም የአቀስታን ባለ መድኃኒት ቤት ከከሰስሽው በኋላ ደንበኛሽ ሆኖ አይቀጥልም፤ ጎረቤቱም ቢሆን ከአንቺ መግዛቱን ይተወዋል። ስለዚህ ቼኩን ለመያዣ ውሰጂው፤ ዱቤውን ግን ከእያንዳንዱ ሱቅ የወር ሽያጭ ጋር እያመዛዘንሽ ወስኚ፤ የድሮው ሳይከፈል አዲስ ዕቃ አይውጣ። ሽያጭ ሠራተኛሽ በሸጠው ልክ ሳይሆን በሰበሰበው ልክ ጉርሻ ቢያገኝ ይሻላል።

የመንግሥት ጤና ተቋማትን በሚመለከት በዕቅድሽ ውስጥ የሰጠሻቸው ድርሻ ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች መድኃኒት የሚወስዱት በቅድሚያ በዓዋጅ ቁጥር 553/1999 ከተቋቋመውና ዛሬ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ከሚባለው ተቋም ነው፤ ደሴም ቅርንጫፍ አለው። ከግል ጅምላ አከፋፋይ የሚገዙት መድኃኒቱ እዚያ አለመኖሩን የሚገልጽ ማረጋገጫ ሲይዙ ነው። ይህ ማለት ለአንቺ የሚተርፈው ገበያ የአንድ ትልቅ መጋዘን ጉድለት ነው፤ ጉድለቱ መቼ እንደሚከፈትና መቼ እንደሚዘጋ ደግሞ አንቺ አትወስኚም። ዛሬ ሴፍትሪያክሶን የሚባለው የፀረ ተሕዋስያን መርፌ ጠፋ ተብሎ ሦስት ሆስፒታል ሲደውልልሽ ብዙ ካርቶን ታስመጫለሽ፤ በሚቀጥለው ወር ቅርንጫፉ ጭነት ሲደርሰው ያንቺ ካርቶን መደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ ለቸርቻሪው እንዳትሸጪው የቸርቻሪው ፍላጎት ትንሽ ነው። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ደግሞ ከዋጋው ማለቅ በላይ ማስወገጃም ያስወጣል፤ በቁጥጥር ሥር፣ በቃለ ጉባኤ የሚወገድ እንጂ ከደጅ የሚጣል አይደለም።

የክፍያውም ነገር እንዲሁ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዷ የእኛዋ ተሁለደሬ እንደነበረች ታስታውሺ ይሆናል። ለድሃው ትልቅ እፎይታ መሆኑን በዓይኔ ስላየሁ አልነቅፈውም። ይሁን እንጂ አባሉ መድኃኒቱን ሳይከፍል ወስዶ ሲሄድ ተቋሙ ገንዘቡን ከመድን ፈንዱ የሚያገኘው ሒሳቡ ከተመረመረ በኋላ ነው፤ ተቋሙ እስኪያገኝ ድረስ አቅራቢው ይጠብቃል። አንድ የማውቀው ሆስፒታል ለጅምላ ነጋዴዎች ያለበት ዕዳ የበጀት ዓመት ተሻግሮ በዚያው ሲንከባለል አይቻለሁ። ያንን ዘመን የተሻገሩት ነጋዴዎች ለመንግሥት ተቋም የሚሸጡትን ከጠቅላላ ሽያጫቸው ሲሶ እንዳያልፍ የወሰኑት ነበሩ። ሲሶ የሚለው ሕግ አይደለም፤ የእነሱ ልምድ ነው፣ እኔም እስማማበታለሁ።

አሁን ወደ ብሩ ጉዳይ ልምጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያን ሰሞን መጋዘኑ ሙሉ የነበረ ነጋዴ ሀብታም የሆነ መስሎት ነበር። የቀድሞውን ዕቃ በቀድሞው ዋጋ የሸጠው፣ በሸጠበት ገንዘብ ያንኑ ያህል ዕቃ መልሶ መግዛት አልቻለም፤ ዋጋ የጨመረው ደግሞ ያለ በቂ ምክንያት ጨመርክ ተብሎ ሱቁ እንዳይታሸግበት ይሰጋ ነበር። ከዚህ የተነሣ ካፒታልሽን በብር ብቻ ሳይሆን በካርቶን እንድትቆጥሪው እመክርሻለሁ። ዓመቱን በ500 ካርቶን ጀምረሽ በ400 ከጨረስሽ፣ የባንክ ደብተርሽ ላይ ያለው ቁጥር ቢያድግም ከስረሻል። ግብር የሚጠየቀው ግን በብሩ ትርፍ ላይ ነው፤ ይህን የሒሳብ ሠራተኛሽ እንዲያውቀው አድርጊ።

ይህን ያነሣሁት ደብዳቤሽ ውስጥ «ዋጋ ከመጨመሩ በፊት ገዝተን እናስቀምጣለን» የሚል ዓረፍተ ነገር ስላየሁ ነው። ከደብዳቤው ጋር ስለ አሜሪካ አከፋፋዮች የላክሽልኝን ማስታወሻ በጥሞና ያነበብኩትም ለዚሁ ነው። ማኬሰን፣ ካርዲናል ሄልዝና ቀድሞ አሜሪሶርስበርገን ይባል የነበረው ሴንኮራ፣ ሦስቱ ብቻ የዚያችን ሰፊ አገር የመድኃኒት ጅምላ ሥራ ከአሥር ዘጠኝ እጅ በላይ ይዘውታል። ማኬሰን በጎርጎሮሳውያን መጋቢት 2024 በዘጋው የሒሳብ ዓመት 309 ቢሊዮን ዶላር ሸጦ የተረፈው የተጣራ ትርፍ 3 ቢሊዮን ገደማ ነው፤ ከመቶው አንዱ መሆኑ ነው። እነሱም በቀድሞው ጊዜ ጥሩ ገቢ ያገኙ የነበረው ፋብሪካው ዋጋ ከመጨመሩ በፊት ብዙ ገዝተው በማከማቸት ነበር። ከጎርጎሮሳውያኑ 2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ግን ፋብሪካዎቹ የክምችት መጠን እየገደቡ፣ በምትኩ ለማከፋፈል አገልግሎቱ ክፍያ የሚሰጡበት ውል አመጡ። ከዚያ በኋላ ኑሯቸው ዕቃን በፍጥነት ማዘዋወርና ገንዘብን በፍጥነት መሰብሰብ ሆነ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ውል የሚያስገድድሽ የለም፤ የማከማቸቱ ፈተና በራስሽ ላይ የተተወ ነው። የኢንሱሊን ጠርሙስ ዋጋ እስኪወጣ ድረስ ተቆልፎበት ሳለ ከኩታበር የመጣ ሽማግሌ ባዶ እጁን ሲመለስ ያየ ሰው፣ ያንን ገቢ የንግድ ትርፍ ብሎ ሊጠራው አይገባም። በዚህ ላይ እናትሽም እኔም አንድ ነን።

ቦታውን በተመለከተ ኮምቦልቻን መምረጥሽ አያስከፋኝም። ደረቅ ወደቡም አውሮፕላን ማረፊያውም እዚያ ነው፣ የመጋዘን ኪራዩም ይረክሳል፤ ወደ ሐርቡና ከሚሴም ወደ ባቲም መንገዱ ከዚያ ይነሣል። ይሁን እንጂ ከደሴ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ያለ በመሆኑ ይሞቃል። ከ25 ዲግሪ በታች ይቀመጥ የሚለውን መድኃኒት ደሴ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አየሩ ራሱ ይጠብቅልሻል፤ ኮምቦልቻ ላይ ግን በመብራት ትጠብቂዋለሽ፤ መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚፈልጉትን ኢንሱሊንና ኦክሲቶሲን በአውሮፕላን ብታመጪ ከመኪናው ኪራይ ይልቅ ይቆጥብልሻል፤ ክብደታቸው ትንሽ፣ ዋጋቸው ብዙ ነውና። የደም ሥር ፈሳሽ የተገላቢጦሽ ነው፤ አንዱ ሊትር ከኪሎ በላይ እየመዘነ ዋጋው አነስተኛ ስለሆነ ከአዲስ አበባ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ጭኖ ማምጣት ትርፉን ይበላዋል። ግን ግሉኮስን የመሰለ የደም ሥር ፈሳሽ የሌለው ጅምላ ነጋዴ ዘንድ ሆስፒታል ለሌላውም አይመጣም፤ ስለዚህ ሳታተርፊበት ትይዢዋለሽ። መንገዱ ተዘግቶ የሚከርምበት ጊዜ እንዳለም አንቺ አትረሺውም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ መጋዘናቸው የተዘረፈባቸው ነጋዴዎች ተራው የእሳትና የስርቆት መድን ጦርነትን እንደማይሸፍን ያወቁት ያን ጊዜ ነበር፤ የአስመጪው ዕዳ ግን ከዘረፋው ጋር አልተሰረዘም። ክምችትሽን በአንድ ቤት አታድርጊው።

የቀረው የመድኃኒቱ ምንጭ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በጎርጎሮሳውያን 2017 ባወጣው ግምት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከሚዘዋወሩት የሕክምና ምርቶች ከአሥሩ አንዱ ከደረጃ በታች ወይም የተጭበረበረ ነው። በርካሽ የሚቀርብልሽ፣ ደረሰኝ የሌለውና የባች ቁጥሩ (የአንድ ጊዜ ምርት መለያው) ከካርቶኑ ጋር የማይመሳሰል ዕቃ ካጋጠመሽ ዋጋውን አትጠይቂ። ማን እንደሸጠልሽና ለማን እንደሸጥሽ በየባቹ መዝግቢ፤ አንድ ባች ይሰብሰብ ሲባል በግማሽ ቀን ልታገኚው ይገባል። መድኃኒት ቤቶች የሚልኩልሽን የግዢ ትዕዛዝም አስተውለሽ አንብቢው። እነዚያ ሦስት የአሜሪካ ድርጅቶች በጎርጎሮሳውያን 2022 በጸናው ስምምነት በ18 ዓመት ውስጥ እስከ 21 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማሙት፣ ሱስ አስያዥ የሕመም ማስታገሻ ከልክ በላይ የሚያዙ መድኃኒት ቤቶችን እያዩ ማቅረባቸውን ቀጥለዋል ተብለው ተከሰው ነው። ትንሽ ከተማ ያለ አንድ ሱቅ ሱስ ሊያስይዝ የሚችለው የሕመም ማስታገሻ የትራማዶል ትዕዛዙ በድንገት ሦስት እጥፍ ሲሆን ከማንም በፊት የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ከባለሙያነትሽም ከነጋዴነትሽም የሚጠበቅብሽ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ስልክ አንሥተሽ ምክንያቱን መጠየቅ ነው።

አብሽሪ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩት እንድትተዪው አይደለም። ዕቅዱን ግን በሦስት መቶ ዓይነት መድኃኒት ከመጀመር ቸርቻሪው በየሳምንቱ በሚጠይቃቸው ስድሳ ሰባ ዓይነቶች ብትጀምሪው የመጋዘኑ 60 ቀን ወደ 35 ሊወርድ ይችላል፤ ያን ጊዜ ከላይ ያሳየሁሽ ወለድ በሲሶ ይቀንሳል። የትኞቹ እንደሆኑ የእኔን የሁለት ዓመት የሽያጭ መዝገብ ስካን አድርጌ እልክልሻለሁ። አንቺ ደግሞ ሁለቱ አስመጪዎች የሚሰጡሽን የክፍያ ጊዜና ጊዜው ሊያልፍ የደረሰ ዕቃ መልሰው ይወስዱ እንደሆነ የሚገልጸውን የውል ረቂቅ እስከ ወሩ መጨረሻ ላኪልኝ። የኮምቦልቻውን መጋዘን ባለቤት ማነጋገር የምጀምረው እሱን ካየሁ በኋላ ነው።

አባትሽ
ደሴ