ዛፉ መውረዱ ካልቀረ ግንዱን አትጎማምዱት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ክረምት በመጣ ቁጥር ስለ ችግኝ ተከላ ትጽፋላችሁ፤ እኔም ደስ ብሎኝ አነባለሁ። ያ ችግኝ አድጎ፣ አርጅቶ፣ መውረድ ግድ ሲሆንበት ምን እንደሚደረግ ግን የሚያነሳ ሰው አላየሁም። የዛሬው ደብዳቤዬ ስለዚያ ነው።

የምኖረው ፒያሳ፣ ሠራተኛ ሠፈር ነው። እንጀራዬ ሞተር መጠገን ነው። ጄኔሬተርም የውሃ ፓምፕም ይመጣልኛል፤ ልቤ ያለው ግን የሞተር መጋዝ ላይ ነው። አናጢነቱን ከአጎቴ ነው የለመድኩት። አጎቴ ሁለት ሰው በሚስበው መጋዝ ግንድ ሰንጥቆ ጣውላ ያወጣ የነበረ ሰው ነው። ጥሩ ግንድ ሲባክን ሳይ ዝም ማለት የማልችለውም ለዚህ ይመስለኛል።

ባለፈው ክረምት አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ትልቅ የፈረንጅ ጥድ ወደ ቤት ጣሪያ አዘመመ። የግቢው ባለቤት አንዲት እናት ናቸው። ፈቃዱን በወጉ አስወጡ። ሦስት ወጣቶች መጋዝ ይዘው መጡ። እኔ በሰፈሩ ሳልፍ ጭሱን አይቼ ገባሁ። ጭሱ ከሞተሩ አልነበረም፤ ከእንጨቱ ነበር የሚወጣው። ሰጋቱራው እንደ ሽሮ ደቋል። ልጁ በሁለት እጁ መጋዙን ወደ ታች ይጫናል፣ ላቡ ይንጠፈጠፋል፣ መጋዙ ግን አይገባም።

«ጋሼ፣ ሞተሩ ደክሟል» አለኝ።

«የኔ ልጅ፣ ሞተሩ ምንም አልሆነም። ሰንሰለቱ ነው የዶለዶመው» አልኩት።

ሞረድ የላቸውም። ሁለተኛ ሰንሰለት የላቸውም። ጓንትና መነጽርም የለም፤ ልጁ የተጫማው ሸበጥ ነው። እንደ ምንም ብለው ጨረሱት። ያን የመሰለ ቀጥ ያለ ግንድ ክንድ በማይሞላ ቁራጭ ጎማምደው፣ አመሻሽ ላይ የማገዶ ነጋዴ ጭኖት ሄደ። እኚያ እናት በዚያው ሰሞን የበሰበሰ በራቸውን ለማስቀየር የጣውላ ዋጋ ጠይቀው ደንግጠው ተመለሱ። በሩ ግቢያቸው ውስጥ ቆሞ ነበር እኮ!

ይኼ በየሰፈሩ የሚሆን ነገር ነው። መፍትሔው ደግሞ ከባድ አይደለም። መጀመሪያ መጋዙ ይሳል፤ ቀጥሎ ግንዱ ከመቆረጡ በፊት ለምን እንደሚውል ይታሰብ።

የሰንሰለት ጥርስ እንጨት የሚቆርጠው በጫፉ ማዕዘን ነው። የዛሬው ጥርስ የተፈጠረው ኦሪገን ውስጥ ጆ ኮክስ በሚባል እንጨት ቆራጭ ነው። በ1946 እ.ኤ.አ. እንጨት የሚበላ የጥንዚዛ ትል ግራና ቀኝ እየገመጠ ሲሄድ አይቶ፣ ያንኑ በብረት ሠራው። በዓመቱ ለገበያ አቀረበው። እስከ ዛሬ የምንሠራበት በእሱ ሐሳብ ነው። ያቺ ማዕዘን አንዴ ከዞረች ሞተሩ የፈለገውን ያህል ቢጮህ ዋጋ የለውም። የተሳለ ሰንሰለት ፍርፋሪ ያወጣል፤ የዶለዶመ ዱቄት ያወጣል። ዱቄት ስታዩ አቁሙ።

አሳሳሉን በቅርብ ላሳያችሁ። ሞተሩ ይጥፋ። መጋዙ ሞርሳ ላይ ይታሰር፤ ሞርሳ ከሌለ ጉቶ ላይ ስንጥቅ አውጥታችሁ ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ብረት እዚያ ሰኩት። የጀመራችሁበትን ጥርስ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት። ክቡ ሞረድ ከሰንሰለቱ ልክ ጋር መግጠም አለበት፤ 4፣ 4.8 እና 5.5 ሚሊሜትር በብዛት የሚሠራባቸው ናቸው። ሞረዱን ከውስጥ ወደ ውጭ ግፉት፣ ሲመለስ አንሱት። እየጎተቱ መሞረድ ሞረዱን ይገድላል። አንዱን ጥርስ ሦስት ጊዜ ከገፋችሁት ሁሉንም ሦስት ጊዜ ግፉት። የአንዱ ጎን ጥርስ ካጠረ መጋዙ ወደ ጎን እየጠመዘዘ ይቆርጣል። በየጥርሱ ፊት ያለችውንም ጉብታ አትርሱ። ከጥርሱ ዝቅ የምትለው 0.65 ሚሊሜትር ያህል ነው። ጥርሱ በሞረድ እየወረደ ሲሄድ እሷም በጠፍጣፋ ሞረድ ዝቅ ካላለች፣ የተሳለውም ሰንሰለት አይነክስም። ከመጠን በላይ ከወረደች ደግሞ መጋዙ ይዘላል።

ዘይቱን በተመለከተ አንድ ክፉ ልማድ አለ። ከመኪና የወረደ የተቃጠለ ዘይት ለሰንሰለት ይሞላል። ርካሽ ስለሆነ ነው፤ ይገባኛል። ግን ውስጡ የብረት ድቃቂ አለ፣ ፓምፑን ይፈጫል። ቆዳም ላይ ይረጫል፣ ለጤና ጥሩ አይደለም። ዘይቱ በትክክል መውጣቱን ለማወቅ የመጋዙን ጫፍ ሳታስነኩ ወደ ካርቶን አስጠግታችሁ ጋዝ ስጡት። ካርቶኑ ላይ የዘይት መስመር ካልታየ ቀዳዳው ተደፍኗል ማለት ነው።

ቤንዚኑን በሃይላንድ ይዞ መዞርም ይቅር። መያዣው ለቤንዚን የተሠራ ይሁን። ሞተሩ 50 ለ 1 የሚፈልግ ከሆነ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊሊትር የሁለት ስትሮክ ዘይት ነው፤ 25 ለ 1 ከሆነ 40። በዓይን ግምት አይሆንም።

እዚህ ላይ የከተማችን ነገር ይመጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ማንኛውም እንዲህ ያለ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን እዚህ ያጣል። ካርቡራቶሩ ለዝቅተኛ ቦታ ተቃኝቶ የመጣ ከሆነ ደግሞ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ያፍነዋል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ሰው «ፌክ ነው የሸጡልኝ» እያለ ይዞልኝ ይመጣል። ቅኝቱን ሳስተካክለው ይነሳል። የባሰው ግልባጩ ነው። እዚህ ቤንዚን ተቀንሶለት የተቃኘ መጋዝ ወደ አዋሽ ቆላ ሲወርድ ቤንዚኑም አብሮት ያለው ዘይትም ያንሰዋል። ይግላል፣ ፒስተኑና ሲሊንደሩ ይነካከሳሉ፣ አለቀለት። ራሱን በራሱ የሚያስተካክለው አዲሱ ዓይነት ካልሆነ በቀር፣ ለሥራ ቆላ የምትወርዱ ልጆች እባካችሁ መጀመሪያ አስቃኙት።

ፍሬኑን ደግሞ ለምኜ ነው የምናገረው። ከፊት እጀታው ቀድማ የቆመችው ፕላስቲክ ጌጥ አይደለችም። የመጋዙ ጫፍ የላይኛው ክፍል እንጨት ከነካ መጋዙ ወደ ላይና ወደ ቆራጩ ይወረወራል፤ ሰንሰለቱን የምታቆመው እሷ ናት። ተሰብራ ወይም በሽቦ ታስራ የመጣች መጋዝ ሳላስተካክል አልመልስም። ደንበኛ ቢቆጣም አልመልስም።

አሁን ወደ ግንዱ ልመለስ። መሃል ከተማ ጠባብ ቅያስ ውስጥ ያለ ግቢ ክሬንም ሲኖትራክም አይገባበትም። ግንዱን ሙሉውን ወደ መሰንጠቂያ ቤት መውሰድ አይቻልም። ስለዚህ እዚያው መሰንጠቅ ነው። በዓለም ላይ ብዙ ሰው በጓሮው የሚሠራበት ዘዴ አለ፤ መጋዙ ግንዱን በእኩል ውፍረት እንዲቀድ የሚይዘው፣ መጋዙ ላይ የሚታሰር የብረት ፍሬም ነው። የኛ በያጅ ባለ አራት ማዕዘን ብረት ከሰጣችሁት አስመስሎ ይሠራዋል። የመጀመሪያው ቅድ ፍሬሙ የሚንሸራተትበት ቀጥ ያለ ነገር ይፈልጋል፤ ግንዱ አናት ላይ ቀጥ ያለ መሰላል ወይም ሁለት ሞራሌ ይመታል። ከዚያ በኋላ ያለው ቅድ የራሱን ጠፍጣፋ ፊት ተከትሎ ይሄዳል። መጋዙ አነስተኛ ከሆነ አትሞክሩት፤ ከ60 ሲሲ በታች ይሰቃያል። ጥርሱም በመደበኛው 30 ዲግሪ ሳይሆን በ10 ዲግሪ ቢሳል እንጨትን በርዝመቱ ለመቅደድ ይመቻል። ነዳጅ በሞላችሁ ቁጥር ሰንሰለቱን ሳሉ። በእያንዳንዱ ቅድ ወደ 1 ሴንቲሜትር እንጨት ሰጋቱራ ሆኖ ይቀራል፤ መሰንጠቂያ ቤት ቢሆን ከዚያ በጣም ያንሳል። ሁሉም ማገዶ ከሚሆን ግን ይሻላል።

የከተማ ዛፍ ሌላም ጣጣ አለው፤ ሚስማር። የልብስ ማስጫ ሽቦ፣ የአጥር ቆርቆሮ፣ የድሮ የመብራት ገመድ ማሰሪያ፣ ሁሉንም ዛፉ ውጦታል። አንዱ ሚስማር ሰንሰለቱን ሙሉ ያበላሻል። ቅርፊቱን ላጡ፣ በማግኔት ዳብሱት። ባሕር ዛፍ ላይ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ ውስጡ ብረት አለ። ባሕር ዛፍ ሲሰነጠቅ በውስጡ ባለው ውጥረት ስለሚተረተርና ስለሚጎብጥ፣ ከወደቀ በኋላ ሳይቆይ፣ ግራና ቀኙን እያፈራረቁ መሰንጠቅ ይሻላል። ግራቪሊያ መልኩ እጅግ ያማረ ነው፤ ዱቄቱ ግን አንዳንዱን ሰው ያሳክከዋልና አፍንጫና ክንዳችሁን ሸፍኑ። የፈረንጅ ጥድ ለጀማሪ የተባረከ ነው።

የተሰነጠቀው ጣውላ ፀሐይ ላይ አይሰጣ። የበጋችን ፀሐይ በአንድ ሳምንት ያጣምመዋል። ከመሬት አንሱት፣ በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እያደረጋችሁ ደርድሩት፣ የጣውላውን ጫፍና ጫፍ የተረፈ ቀለም ቀቡት፣ ጥላ ሥር አኑሩት። 2.5 ሴንቲሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል። ረጅም ነው። ዛፉ ግን ከዚያ የበለጠ ጠብቋል።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ለዛፍ መቁረጫ ፈቃድ የሚሰጡ ወረዳዎች በቅጹ ላይ «ግንዱ ለምን ይውላል?» የሚል አንድ መስመር ይጨምሩ። ባለቤቱ ቢያንስ ያስብበታል። ሜክሲኮ ያለውን ተግባረ እድን የመሳሰሉ ኮሌጆች ደግሞ ለመጋዝ ሠራተኛ ልጆች አጭር ሥልጠና ቢከፍቱ መልካም ነው። እኔ የሞረዱን ትምህርት ያለ ክፍያ ለማስተማር ዝግጁ ነኝ። ዝግጅት ክፍሉ ይህን ደብዳቤ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ቢያወጣልኝ ደስ ይለኛል፤ ዛፎቹ መዝመም የሚጀምሩት ያኔ ነው።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የሞተር ጥገና ባለሙያ
ከሠራተኛ ሠፈር፣ አዲስ አበባ