የኮልቦርን ወርቅ የጀግንነት ሽልማት አልነበረም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ እንግሊዛዊው የጦር መኮንን ጆን ኮልቦርን ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ስለዚህ ሰው በአማርኛ የሚጽፍ ብዙ የለም። አንድ ነገር ግን መታረም አለበት። ጽሑፉ የወርቅ ሜዳሊያውን «የጀግንነት ሽልማት» ይለዋል። አልነበረም። የሚሰጠው ለአዛዥነት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በ1810 የተቋቋመው ይህ የእንግሊዝ ጦር ሜዳሊያ የሚደርሰው በውጊያው ላይ ሻለቃ ጦር ወይም ከዚያ በላይ ለመሩ መኮንኖችና ለጥቂት የመምሪያ ሹማምንት ብቻ ነበር። ለጄኔራሎች ትልቁ፣ ከእነሱ በታች ላሉት ትንሹ። ፊቱ ላይ ብሪታንያ በሴት ተመስላ፣ አክሊል ይዛ ተቀምጣለች፤ ከጎኗ አንበሳ አለ። ከጀርባው የውጊያው ስም ተቀርጿል። ሪባኑ ቀይ ሆኖ ዳርና ዳሩ ሰማያዊ ነው። ሁለተኛና ሦስተኛ ውጊያ ሲጨመር፣ ስሙ የተጻፈባት የወርቅ ጠፍጣፋ ሪባኑ ላይ ትደረባለች። አራት ሲሞላ ሜዳሊያው ቀርቶ የወርቅ መስቀል ይሰጣል፤ አራቱ ውጊያዎች በአራቱ ክንፎቹ ላይ ተጽፈው። ኮልቦርን መስቀሉን ከሦስት ጠፍጣፋ ጋር አግኝቷል። የሰባት ውጊያ ማለት ነው።

ስለ ደንቡ ከሁሉ በላይ የሚመሰክረው የራሱ የኮልቦርን ታሪክ ነው። በጁላይ 1806 ደቡብ ጣሊያን፣ ማይዳ ላይ፣ የ20ኛው ሬጅመንት ሻምበል ነበር። ሬጅመንቱ በዚያው ጠዋት ከመርከብ ወርዶ፣ እየተጣደፈ ደርሶ ፈረንሳዮቹን ከጎን መታቸው። ለዚያ ውጊያም፣ ከ1810ሩ ቀደም ብሎ፣ ለብቻው የወርቅ ሜዳሊያ ተሠራ። የሬጅመንቱ አዛዥ ሮበርት ሮስ ተሸለመ። (በ1814 ዋሽንግተን ገብቶ ዋይት ሐውስን ያቃጠለው ሮስ እሱ ነው።) ኮልቦርን ግን ምንም አላገኘም። ሻምበል ነበራ! በ1809 ስፔን፣ ኮሩኛ ላይ የጄኔራል ሰር ጆን ሙር ወታደራዊ ጸሐፊ ሆኖ በመዋጋቱ ግን የ1810ሩ ሜዳሊያ በኋላ ደረሰው። ሰውዬው ያው ነው። የተለወጠው ቦታው ነው።

አልቡዌራን ደግሞ እንየው። ሜይ 16 ቀን 1811፣ ስፔን። ኮልቦርን ብርጌድ ይመራል። አለቃው ጄኔራል ዊሊያም ስቱዋርት ቸኩሏል። ኮልቦርን ፈረሰኛ ቢመጣ የሚመክት ኃይል በቀኝ ክንፍ ተጠቅጥቆ እንዲቆም ጠየቀ። ተከለከለ። ጦሩ በቀጭን መስመር ተዘርግቶ እየተኮሰ ሳለ ዶፍና በረዶ ወረደበት። ባሩዱ ራሰ፣ ዓይን አላይ አለ። በዚህ መሃል ከፈረንሳዮቹ ጋር የተሰለፉ፣ ረጃጅም ጦር የያዙ የፖላንድ ፈረሰኞች ከጎንና ከኋላ ገቡ። ከአራቱ ሻለቃ ጦሮች ሦስቱ በደቂቃዎች ውስጥ አለቁ፤ ከመላው ብርጌድ ከሦስት ሰው ሁለቱ ሞተ፣ ቆሰለ ወይም ተማረከ። አራተኛው የተረፈው ገና በመስመር ስላልተዘረጋ ነው። ኮልቦርን የፈራው ነገር ደረሰ ማለት ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱን በሱ ላይ አላላክክም።

ለዚያ ቀን ኮልቦርን የመንግሥት ወርቅ አለው። በዚያው ብርጌድ ውስጥ ማቲው ሌተም የሚባል ወጣት መኮንን የሬጅመንቱን ባንዲራ አልለቅም ብሎ ፊቱ በጎራዴ ተቆረጠ፣ ክንዱን አጣ። ባንዲራውን ከሰንደቁ ቀዶ ልብሱ ውስጥ ደበቀው። በሕይወት ተረፈ። የመንግሥቱ የወርቅ ሜዳሊያ ግን አይገባውም፤ ማዕረጉ ትንሽ ነው። የሬጅመንቱ መኮንኖች ገንዘብ አዋጥተው የራሳቸውን የወርቅ ሜዳሊያ አሠሩለት። የጀግንነት ሽልማት እንዲህ ያለው ነው።

ተራው ወታደርስ? ለእነዚህ ውጊያዎች እስከ 1847 ድረስ ምንም። በዚያ ዓመት ነው የብር ሜዳሊያ የተፈቀደው፣ ያውም በሕይወት ቆይቶ ላመለከተ ብቻ። የአልቡዌራ ወታደር 36 ዓመት ጠበቀ። መኮንን ሲሞት ወርቁ ለቤተሰቡ ይሰጥ ነበር፤ ብሩን ሳያመለክት የሞተ ወታደር ሚስት ግን ምንም አልደረሳትም። ይህ ያናድደኛል፣ አልደብቅም። ደስ የሚለው፣ ለነዚህ ሽማግሌዎች ዓመታት የተከራከረላቸው የሪችመንድ ዱክ ራሱ ኮልቦርን ከአልቡዌራ በኋላ በመራው 52ኛ ሬጅመንት ሻምበል ሆኖ ፈረንሳይ፣ ኦርቴዝ ላይ ክፉኛ የቆሰለ ሰው መሆኑ ነው።

ኮልቦርን በዋተርሉ 52ኛውን በራሱ ውሳኔ አዙሮ የናፖሊዮንን ዘበኞች ከጎን መታ። ብዙዎች ትልቁ ሥራው ይህ ነው ይላሉ። ለዋተርሉ የተሰጠው ሜዳሊያ ብር ነበር፤ ለተራው ወታደርም የተሰጠው ያው።

ካናዳን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፋችሁም ቅር አሰኝቶኛል። በዲሴምበር 1837 ሴንት ኡስታሽ ላይ በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ የተነሱ ዓመፀኞች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መሽገው ሳለ ኮልቦርን የሚመራው ጦር በመድፍና በእሳት አጠፋቸው። 70 ያህል ሰው ሞተ፣ መንደሮችም ነደዱ። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ኮልቦርንን «ሽማግሌው አቃጣይ» ብለውታል። በ1860 ፊልድ ማርሻል የሆነው ሰው እሱም ነው።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ1868፣ በእኛ 1860፣ መቅደላ ለዘመተው ጦር የተሰጠው ሜዳሊያ ብር ሆኖ ለተራው ሕንዳዊ ወታደር ሳይቀር ደርሷል፤ የተቀባዩም ስም ከጀርባው አለበት። ከ1810 እስከዚያ ድረስ ምን እንደተለወጠ ጥሩ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ለጊዜው ግን የምጠይቀው ትንሽ ነው። ያችን «የጀግንነት» የምትል መስመር አርሟት። ስለ አልቡዌራ ስትጽፉም ሌተምን ጨምሩት።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ